መላኩ የሚነሳለት ሰው

ዛሬ መላኩ ማንም ሳይለምነው ከወንበሩ ተነሳ።

ለማታውቁት፣ እዚህ ወልድያ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አራት ጎልማሶች በሚኖሩበት ቤት ተንከባካቢ ነኝ። መላኩ አንዱ ነው። ከመርሳ ገጠር ከመጣ ጀምሮ ውሎው ወንበር ላይ ነው፤ ዓይኑ ደግሞ በሩ ላይ።

ሐኪሙ "መንቀሳቀስ አለበት" ብሎናል። ኳስ ገዛንለት፤ አቅፎት ተቀመጠ። በቴሌቪዥን ስፖርት የሚያሠሩ ሰዎች ከፈትንለት፤ እግሩን ዘርግቶ ተመቻችቶ አያቸው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ጎረቤታችን አባባ አራጋው "እናንተም ጋ የለም እንዴ?" እያሉ ገቡ።

መላኩ ብድግ ብሎ "ኖር" አላቸው።

"በእግዜር፣ ኧረ ተቀመጥ ልጄ።"

እሱ እቴ። ወንበሩን ለሳቸው ለቀቀ፤ እስኪሄዱ ቆሞ ቆየ፤ ሲሄዱም እስከ አጥሩ በር ሸኛቸው።

እናቱ ሲያመጡት ነግረውኝ ነበር። አገር ቤት እንግዳ ስለማይጠፋ ቀኑን ሙሉ ሲነሳና ሲቀበል ነበር የሚውለው። እኛ ቤት ግን የሚነሳለት ሰው አይመጣም።

መብራቱ መጣ፣ ቴሌቪዥኑም መጮህ ጀመረ። መላኩ አሁንም አጥሩ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። "ግባ እንጂ" ስለው፣

"ሌላ ሰው አይመጣም?" አለኝ።

እናንተስ ቤት እንዲህ ሰው የሚናፍቅ አለ? እስኪ አጫውቱኝ። ወልድያ ያላችሁ ደግሞ በዚህ ስታልፉ ጎራ በሉ። መቀመጫ አይቸግራችሁም፤ መላኩ ይለቅላችኋል።