የሹሙ አልጋና የእንግዳው ራኩባ

ስሙ እንግዳው ነው፤ ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃም ወደ ቆላ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው። ከሽንፋ ወዲህ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ መንግሥት ለሹም በሚሰጠው ቤት ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር፣ በግቢው ጥግ ጎጆ ቀለሰ፤ ከፊቷም በአራት ባላ ላይ ሣር አልብሶ ጥላ የምትሆን ራኩባ አቆመ። መሠረትን ያገባውም፣ ልጆች የወለደውም እዚያችው ነው። በዚህ ዓለም የኔ የሚለው ሌላ ነገር አልነበረውም።

በዋናው ቤት አቶ አለምሰገድ አሉ፤ የወረዳው የቀድሞ ሹም። ከሥልጣን ከወረዱ ዓመታት አልፈዋል፤ ቤቱን ግን የሚለቁ አይመስሉም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸው ሲሾሙም በልተዋል፣ ሲሻሩም አልተቆጩም። ለሕዝብ የደከመ መሪ እንዴት ቤት ይነፈጋል ይላሉ። ጎንደር ላይ ያሠሩት ፎቅ አይቆጠርም፤ እሱ የሚከራይ ነው። አዲሱ ሹም ምስኪን፣ ሆቴል ውስጥ ሆኖ ወረዳውን ያስተዳድራል።

በሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚተኛ የቆላ ሰው የለም፤ ሹምም ዘበኛም አልጋውን ደጅ ያወጣል። አቶ አለምሰገድ የእንግዳውን ራኩባ ወደዷትና አልጋቸውን እሷ ሥር አስዘረጉ። እንግዳውና ቤተሰቡ ጎጆ ውስጥ ላባቸውን ሲጠርጉ ያድራሉ። በሰፊው ቤት ደግሞ ዋጋው እስኪጨምር የሚጠብቅ የአቶ አለምሰገድ ሰሊጥ በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል። ለሰሊጥ እንኳ የመንግሥት ቤት መስጠት ትልቅ ርኅራኄ ነው።

በመጨረሻ አዲሱ ሹም ሆቴሉ መረረውና ጉዳዩ በሕግ ይታይ አለ። ከበላይ አካልም አንድ የሕግ ባለሙያ ተላኩ። እንግዳው ጭንቅ ያዘው። አቶ አለምሰገድ ከወጡ አዲሱ ሹም የራሱን ዘበኛ ይዞ ይመጣል፤ ጎጆዋም ለዚያ ትሆናለች። ስለዚህ ሰውዬው እንዲቆዩለት ለጊዮርጊስ ጃንጥላ ተሳለ።

ባለሙያው ግቢውን ዞረው አዩና የቀድሞው ሹም በዚህ ቤት ይኖራሉ ወይ ሲሉ ጠየቁት። እንግዳው ጌታውን የሚጠቅም መስሎት እውነቱን ተናገረ።

"ኧረ እሳቸውስ ቤቱን አልነኩትም። የሚያድሩት እዚህ ራኩባ ሥር ነው።"

"ራኩባውን ማን ሠራው?"

"እኔው ነኝ፣ በእጄ" አለ፤ እንዲያውም ደስ አለው።

ውሳኔው ብዙም አልቆየም። ሕጉ የሚከለክለው የቀድሞ ሹም በመንግሥት ቤት እንዳይኖር ነው። አቶ አለምሰገድ የሚያድሩት ራኩባ ሥር ስለሆነ የሚለቁት ቤት የለም። ሰሊጡም ሹም ሆኖ ስለማያውቅ ሕጉ አይመለከተውም። ራኩባዋና ጎጆዋ ግን ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸውና ይፍረሱ፣ ሠሪውም ግቢውን ይልቀቅ ተባለ። ጊዮርጊስ ስለቱን ሰምቷል፤ ሰውዬው ቆዩ።

መሠረት እያለቀሰች ዕቃ ስታስር እንግዳው ሣሩን አወረደ። ሰው በገዛ እጁ ቤቱን ሲያፈርስ ማየት ያንገበግባል። አቶ አለምሰገድም ከልባቸው አዘኑ፤ አልጋቸው ፀሐይ ላይ ቀርቶ ነበር።

"እንግዳው፣ ባላዎቹን እንኳ ተዋቸው እንጂ። እኔ የት ልተኛ?"

እንግዳው የመጨረሻውን ባላ እየነቀነቀ ቀና አለ።

"ቤት አለዎት አይደል፣ ጌታዬ?" አለና ነቀለው።