ክንዴ ውስጥ የተቀበረው

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ መቼም በዚህ አልታማም፤ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ጆሮዬ ይቆማል። ዓይኔን ያጣሁት በልጅነቴ ነው። ከዚያ ወዲህ አጠገቤ የሚንሾካሾክ ሰው ሁሉ ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኛል፤ ብዙ ጊዜም አልሳሳትም። ሰበታ ገበያ ቀሚስ ልገዛ ስገባ ባለሱቁ እናቴን «ምን ዓይነት ትፈልጋለች?» ይላታል። ሐኪም ቤትም ያው ነው። የሚያመው እኔን፣ የሚጠየቀው እሷን። እኔ ደግሞ ዓለም ገና ከተማ የሥነ ዜጋ መምህርት ነኝ። ቀን ልጆቹን ስለ መብት ሳስተምር ውዬ ማታ ስለ ራሴ ሆድ ሕመም የምትናገረው እናቴ ናት።

ቡራዩ ላይ ለአካል ጉዳተኞች ሥልጠና አለ ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ልማዴ ክፉውን ነው። እኛን ሲጠሩን አብዛኛውን ጊዜ ለፎቶ ነው። ርእሱ «የሥነ ተዋልዶ ጤና» መሆኑን ስሰማ ደግሞ ይበልጥ ጠረጠርኩ። እኛም ወንድና ሴት መሆናችን ዛሬ ለማን ትዝ አለው? ግን ከእኔ ብሶ የተጠራጠረችው እናቴ ሆነች። ሌላ ጊዜ ሥልጠና ሲባል ነጠላዬን አስተካክላ ታክሲ ላይ የምታሳፍረኝ ሴት፣ የዚያን ቀን «ይሄ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል? ቤትሽ ዕረፊ» አለችኝ። ባትከለክለኝ ኖሮ ምናልባት እቀር ነበር።

አሠልጣኟ ነርስ ናት፤ ሳቂታ፣ አማርኛና ኦሮምኛ እያደባለቀች የምታወራ። «አካም ጂርቱ፣ እንደምን አላችሁ! ዛሬ እዚህ ቤት ማፈር ክልክል ነው» ብላ ጀመረች። አዳራሹ በኀፍረት ሳል ተሞላ። ማየት ለማንችለው ሥዕል ስታሳይ አልዋለችም፤ ዕቃውን አንድ በአንድ እጃችን ላይ ታስቀምጥልን ነበር። ኪኒኑን፣ ኮንዶሙን፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ሲስተር፣ ይሄ ኪሴ ውስጥ ቢገኝ ቤት ምን ብዬ ልግባ?» ሲሏት እኔም ሳይቀር ሳቅሁ። ያደግነው ማንም እንዲህ ያለውን ነገር ሳይነግረን ነው። ይነግሩን የነበረው «ተጠንቀቂ» ብቻ ነው፤ ከምን እንደምንጠነቀቅ ግን የሚነግረን አልነበረም።

ቀጥላ መዳፌ ላይ የክብሪት እንጨት የሚያህል፣ ልሙጥ፣ ጫን ሲሉት ጎበጥ የሚል ነገር አኖረች።

«ይሄ በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ነው። ከቆዳ ሥር፣ እዚህ ጋ ይገባል» አለችና የላይኛውን ክንዴን የውስጥ በኩል ነካች። ከዚያ እጇን አላነሳችም። «አንቺም አለሽ እንዴ?» አለችኝ።

እኔ ያለኝ የደም ማነስ መድኃኒት ነበር። እናቴ እንደዚያ ነው ያለችኝ። የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ክረምት ላይ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችኝ። ባለሙያው ከእሷ ጋር በሹክሹክታ ተነጋገረና ክንዴን አደንዝዞ የሆነ ነገር ከተተበት። ያን ቀን ጆሮዬ ሳይቆም ቀርቶ አይደለም። እናቴን ግን አልጠረጠርኩም።

በዕረፍት ሰዓት ሁሉንም ለነርሷ ነገርኳት። ሳቋ ጠፋ። «የእኔ እህት፣ አንቺ ሳትፈቅጂ ማንም ይሄን ሊያደርግ አይችልም። ማስወጣት ከፈለግሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የእናትሽ ፈቃድ አያስፈልግሽም» አለችኝ።

ወደ ሰበታ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ያልጠረጠርኩት ነገር አልነበረም። ለራስ ምታት ብላ የምትሰጠኝ ኪኒንስ ምንድን ነው? ጎረቤቱ ሁሉ ያውቅ ይሆን? እኔ ስገባ ወሬ የሚያቋርጡት በዚህ ምክንያት ይሆን? ተናደድኩ፣ ከንዴቴ ይልቅ ግን ያመመኝ ማፈሬ ነው። ምን አጠፋሁ ብዬ እንዳፈርኩ አላውቅም።

እቤት ስደርስ እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጇን ይዤ ክንዴ ላይ አኖርኩት።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የደም ማነሱ...»

«እማዬ!»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ለአንቺው ብዬ ነው። ሰው ክፉ ነው፣ ልጄ። እኔ ገበያ ውዬ የምገባ፣ አንቺ ብቻሽን። የሆነ ነገር ቢደርስብሽ እንኳ፣ ቢያንስ ዲቃላ ታቅፈሽ አትቀሪም ብዬ ነው።»

«ይሄ እኮ የሚከለክለው እርግዝናን ነው። ሰውየውን አይከለክልም። ማንን ነው የፈራሽው?»

ቢላዋውን አንሥታ መክተፏን ቀጠለች። እኔም ያን ክረምት አሰብኩት። ወንድሟ ገላን ከተማ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ እኛ ቤት ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን እሷ ገበያ ሳለች የመኝታ ክፍሌን በር ገፋ። መቀርቀሪያው ባይይዝልኝና ባልጮህ ኖሮ ይገባ ነበር። ማታ ስነግራት «በሩ ተምታቶበት ይሆናል፤ የሰው ስም አታጥፊ» ብላ ገሠጸችኝ። ከዚያ ወዲህ አላመነችኝም ብዬ ቂም ይዤባት ኖርኩ። ክሊኒክ የወሰደችኝ ግን በሳምንቱ ነው።

«አምነሽኝ ነበር» አልኳት።

ማልቀስ ጀመረች። «ወንድሜ ነው፤ ወዴት ልበለው?» አለች።

ላባብላት እጄን አልዘረጋሁም። ነገ ጤና ጣቢያ ሄጄ እንደማስወጣው ነገርኳት። «አብሬሽ ልምጣ?» ስትለኝ «አይሆንም» አልኳት። ስታለቅስ እየሰማሁ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ከክሊኒኩ ከተመለስን በኋላም እሱ እዚያው ቤት ነበር፤ እሷም ጠዋት ጠዋት ገበያ ስትወጣ «ምሳውን አቅርቢለት» እያለችኝ ትሄድ ነበር።