እንኳየሁ ክርስትና ያነሣች ዕለት

እኔ የቄስ ሚስት ነኝ፤ ምላሴ ግን ቅስና አልተቀበለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ እንኳየሁ ሳወራ የራሴንም ጥፋት ስለማልደብቅ ነው።

እንኳየሁ ጎረቤቴ ናት። አምባ ጊዮርጊስ መናኸሪያ በር ላይ ነጭ ሽንኩርት የምትሸጠውን ቀጭን ሴት የማያውቅ መንገደኛ የለም። ሽንኩርቱን መደብ መደብ አድርጋ ዘርግታ፣ ዋጋ የሚከራከራትን ሁሉ “ጎንደር ድረስ ውረድ፤ እንዲህ ያለ ሸጋ ካገኘህ ተመልሰህ ስደበኝ” ትለዋለች። ተመልሶ የሰደባት የለም።

ባሏ ፋንታሁን ግንበኛ ነበር። ዐሥራ ሦስት ዓመት አብረው ኖሩ፤ ልጅ አልመጣም። ጠበል ገቡ፣ ተሳሉ፣ ሐኪም ቤትም ሄዱ። ከዚያ እሱ ለሥራ ብሎ ጎንደር ወረደና በዚያው ቀረ። ዓይናዲስ የምትባል የዛሪማ አገር ልጅ ወዷል የሚል ወሬ መጣ፤ ወሬው ሳይበርድ ሽማግሌ ልኮ ፍቺውን ጨረሰ። እንኳየሁ አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። “ሂድ፤ በሩ ክፍት ነው በሉልኝ” ብላ ሽማግሌዎቹን ሸኘች።

ሰው ሁሉ በቁጣ የተናገረችው መሰለው። እኔ ግን የልቧን አውቃለሁ። ይኸው ዐሥር ዓመቷ፣ ትቶት የሄደውን ጋቢ በየግንቦቱ አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ትመልሳለች። ሁለት ጊዜ ጠያቂ መጣባት፤ አንደኛው እንዲያውም ከዳባት የመጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በሬና መሬት ያለው ሸጋ ሰው ነበር። አልፈልግም አለች። ምነው አንቺ፣ አብደሻል ወይ ብላት፣ የሄደ ባል ተመልሶ አያውቅም ወይ ብላ መለሰችልኝ። ዓይናዲስም መውለድ አቅቷታል ሲባል ስትሰማ ተስፋዋ ባሰበት። ሰው ሲጠብቅ የሌላው ችግር እንኳ መልካም ወሬ ይሆንለታል፤ አልፈርድባትም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በእኛ አገር ያልወለደች ሴት ዓይኗ ይፈራል። አራስ ልትጠይቅ ስትገባ ሕፃኑን ይሸፍኑባታል። እኔም የመጀመሪያ ልጄን በነጠላዬ ሸፍኜባታለሁ። አየችኝ። ያመጣችልኝን ቅቤ አስቀምጣ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ ወጣች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያመኛል።

ባለፈው ጥር፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከእንኳየሁ ጋር እኔ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ከበሩ ቆመች። ዓይናዲስ ነበረች። ወልዳለች! ሴት ልጅ፣ ሰባ ሦስት ቀኗ፣ ስሟ ብሌን። እንኳየሁ ፊቷ አመድ መሰለ።

ዓይናዲስ አልቀመጥም ብላ ከእንኳየሁ እግር ሥር ተንበረከከች። ስለት ነበረባት። ማርያም ፊት ቆማ፣ ልጅ ብትሰጪኝ ያስለቀስኳትን ሴት የክርስትና እናት አደርጋታለሁ ብላ ተስላለች። ልጅቷ በሚመጣው እሑድ ሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ትጠመቃለች፤ እባክሽ አንሺልኝ ነው የምትለው።

ክርስትና ያነሣ ሰው ከልጁ ወላጆች ጋር አበልጅ ይሆናል። አበልጅ ደግሞ ዘመድ ነው፤ ከሥጋ ዘመድ እኩል ነው፣ መጋባት የሚባል ነገር የለም። እንኳየሁ ይህችን ልጅ ካነሣች ፋንታሁን መቼም መቼም ባሏ ሊሆን አይችልም፤ ቢፈታም፣ ሚስቱ ብትሞትበትም። ይኼ ሲገባኝ ደሜ ፈላ።

“አንቺ ስለት ልታደርሺ አይደለም፤ በሩን ልትቆልፊ ነው የመጣሽው” አልኳት።

ዓይናዲስ ቀና ብላ አየችኝ። “እሱም አለበት፤ አልዋሽም” አለች። “ዐሥር ዓመት በሰው ቤት እንደ እንግዳ ነው የኖርኩ። ግን እትዬ እንኳየሁ ይቅር ካላለችኝ፣ ይችን ልጅ የእኔ ናት ብዬ ማቀፍ አልቻልኩም።”

እንኳየሁ አስቤ እልክብሻለሁ ብቻ አለቻት። ሕፃኗንም አላየቻትም፤ እንዳይሸፍኑባት ፈርታ ይመስለኛል፣ ቀድማ ፊቷን አዞረች።

ሦስት ቀን ሙሉ መናኸሪያ አልወጣችም። እኔም በየቀኑ እየሄድኩ እምቢ በያት እላታለሁ፤ የቄስ ሚስት እንዲህ ትመክራለች! ሐሙስ ዕለት ግን እኔን ሳይሆን ባሌን ፈልጋ መጣች።

ባሌ ቄስ ሐዲስ ጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማሩ ናቸው። ሰዓት ቢጠይቋቸው ከአዳም ነው የሚጀምሩት። ያን ቀንም ከአዳም ጀመሩ። አዳም በተፈጠረ በአርባ ቀኑ፣ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ ገነት እንደገቡ፤ ሲበድሉ እንደወጡ፤ ጌታ ግን ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ ብሎ ለአዳም ተስፋ እንደሰጠው ነገሯት። ያ ተስፋ በክርስቶስ ስለተፈጸመ ነው ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን አጥምቀን አዳም ያጣውን ልጅነት የምናስመልሰው አሏት። ቀጥለው ኢሳይያስን አነሡ። ያልወለደችውን ሴት ደስ ይበልሽ ይላታል፤ ባል ካላት ይልቅ የብቸኛዪቱ ልጆች ይበዛሉና። መምህራን ይህችን ሴት ቤተ ክርስቲያን ናት ይሏታል፤ ከጥምቀቱ ውኃ የሚወለዱት ሁሉ ልጆቿ ናቸው።

እንኳየሁ እዚህ ላይ አቋረጠቻቸው። “አባቴ፣ ለቤተ ክርስቲያንስ ደረሰላት። ለእኔስ? እኔ የለመንኩት ባሌን እንዲመልስልኝ ነበር።”

ቄሱ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። የአሁኑን ከአዳም አልጀመሩም።

“እስራኤልም የለመኑት ዙፋናቸው እንዲመለስላቸው ነበር፣ ልጄ” አሏት። “የተሰጣቸው ግን ግርግም ውስጥ የተኛ ሕፃን ነው። ተስፋው አልታጠፈም፤ በጠበቁት በኩል ግን አልመጣም። ብዙዎቹ መንገድ መንገዱን እያዩ አለፋቸው። አንቺ እምቢ ብትይም በደል የለብሽም፤ ሌላ ሴት ታነሣታለች።”

እንኳየሁ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ነጭ የሕፃን ልብስ እዚሁ ይገኛል ወይስ ጎንደር ወርደን እንግዛ ብላ ጠየቀችኝ። ጠይቃም ሳትጨርስ አለቀሰች። ዐሥር ዓመት ያላለቀሰችውን ሁሉ ነው ያለቀሰችው። እኔም አብሬ አለቀስኩና፣ ያኔ በነጠላ የሸፈንኩባትን ነገር አንሥቼ ይቅር በይኝ አልኳት። አፍንጫዋን ጠረገችና፣ ደግ አደረግሽ፣ ልጅሽ ያኔ እንዴት አስቀያሚ እንደነበር ረስተሽዋል ወይ አለችኝ። እንዲህ ናት እንኳየሁ።

ለዓይናዲስ እሺታዋን ልከን፣ ቅዳሜ ጎንደር ወርደን ልብሱን ገዛን፤ እኅቴ ቤት አደርን። እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ዓይናዲስ ከነልጇ ትጠብቀን ነበር። ሕፃኗን አንሥታ ለእንኳየሁ ሰጠቻት። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሕፃን አስታቅፏት የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አያያዙን አላወቀችበትም። ክንዷን ከሥር ደግፌ አሳየኋት።

ካህኑ ወደ ምዕራብ አዙረው በሕፃኗ ፈንታ ሰይጣንን ካጂ አሏት፤ ወደ ምሥራቅ አዙረው በክርስቶስ እመኚ አሏት። መናኸሪያውን በጩኸት የምትሞላው ሴት ድምፅ አጣች። ካህኑ እንደገና ጠየቋት፤ ሁለተኛውን እኔም ሰማሁት። ሕፃኗ ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ገብታ ወጣች፤ ስመ ጥምቀቷ ወለተ ኪዳን ተባለ፤ ማዕተቧ ታሰረላት። እንኳየሁ በነጩ ልብስ ተቀበለቻትና አስቀድሰን እስክንወጣ ድረስ ለማንም አልሰጥ አለች። ክንድሽ ይዝላል ብላት ገላመጠችኝ።

ስንወጣ ፋንታሁን ጫማችንን ያወለቅንበት ደጅ ላይ ቆሟል። ጸጉሩ ሸብቷል። ከሄደ ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ዓይናዲስ መሬት መሬት ታያለች። እኔም ምን ልትለው ይሆን ብዬ ጠጋ አልኩ። እንኳየሁ ቀጥ ብላ ሄዳ አጠገቡ ቆመች፤ ድምፅዋ የመናኸሪያው ድምፅዋ ነበር።

“አበልጄ፣ ልጄን ያዝልኝ፤ ጫማዬን ላጥልቅ።”

ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። እኔ የራሴን ጫማ ስፈልግ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፤ ዓይኔ አላይ ብሎኝ ነበር።