ውሃ የምታጠባው የድንጋይ ሴት

ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የያዝኩት ጧፍ ነጠላዬ ላይ ተንጠባጠበ። ቤት ገብቼ የረጋውን ሰም በጥፍሬ ስፍቅ ሽታው ወጣ፤ ማርና ጭስ የተቀላቀለበት ሽታ። የልጅ ልጄ «ተዪው እማማ፣ በካውያ ይለቃል» ትለኛለች። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። መቀሌ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው የድንጋይ ቤት፣ የጎረቤታችን የዐረቡ ሚስት ፊት ተቀምጬ ነበር።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። አባቴ ጸሐፊ ሆኖ ሲመደብ ከሸዋ ይዞን መጣ። እኔ ገና ልጅነቴን ልጨርስ የደረስኩ ነበርኩ። እናቴ ትግርኛ ስለማትችል ቀኑ አይመሽላትም። ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤታችን ጨርቅና ቅመም የሚሸጥ፣ ከየመን ከሐድራሞት የመጣ ዐረብ ሲሆን፣ ሚስቱ አጠር ያለች፣ ፊቷ ክብ የሆነ፣ ፀጉሯ እንደ ሐር የሚተኛ ሴት ነበረች። ሰፈሩ «ጃዊያ» ይላታል። እናቴ የጎጃም ጃዊ መስላት «አማርኛ የምታወራኝ ሰው አገኘሁ» ብላ ደስ ብሏት ሰላም ልትላት ሄደች። ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች።

«የምን ጎጃም!» አለች፣ ነጠላዋን እየጣለች። «ከየመንም ወዲያ፣ ከህንድም ወዲያ ነው አገሯ። ጃዋ የሚባል ደሴት ነው አሉ።»

እኔ ደግሞ አንድ ቀን ክር ልገዛ ሄጄ ሱቁ ውስጥ ሰው አጣሁ። ወደ ጓሮ ብዘልቅ ሴትዮዋ ከሰል ላይ ሰም አቅልጣ፣ አፏ እንደ ወፍ ምንቃር በቀጠነች ትንሽ የመዳብ ጽዋ እየቀዳች፣ አቡጀዲ ላይ አበባ ትስላለች። ቀና ብላ አየችኝና «ንዒ፣ ጓለይ» አለችኝ። ነይ ልጄ ማለቷ ነው። ትግርኛዋ ከዐረብኛ ጋር የተደባለቀ፣ አማርኛዋ ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ተግባባን። እኔም «አደይ»፣ እናቴ፣ እላት ጀመር።

ጨርቁን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ትነክረዋለች፤ አውጥታ ታሰጣዋለች፤ ከዚያ በፈላ ውሃ ሰሙን ታስለቅቀዋለች። ሰም የነካው ቦታ ሁሉ ነጭ ሆኖ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጮህኩ። እሷ አፏን በእጇ ሸፍና እስክትደክም ሳቀች። ከዚያ በኋላ እናቴ «ሙያ ከሆነ ትማር» ብላ ፈቀደችልኝና ከሰዓት በኋላዬ ሁሉ እሷ ዘንድ ሆነ።

አንድ ቀን ከአበባ ይልቅ ሴት ሳለች። አራት እጅ ያላት፣ ከወገቧ በላይ ራቁቷን የሆነች፣ ሁለት እጆቿን ጡቶቿ ላይ ያደረገች። ከጡቶቿ ቀጭን መስመር ወደ ታች ይወርዳል።

«ይቺ ማን ናት?» አልኳት።

«የመንደሬ ምንጭ» አለችኝ።

የተወለደችው ተራራ ሥር ነው። እዚያ ከድሮ ቤተ መቅደስ የቀረ መታጠቢያ አለ፤ እስልምና ሳይገባ በፊት የነበሩ ነገሥታት የሠሩት። ግድግዳው ላይ ሁለት አማልክት በድንጋይ ተቀርጸው ቆመዋል። አንዷን የሩዝ እናት፣ ሌላዋን የሀብት እመቤት ይሏቸዋል። ከተራራው የሚወርደው ውሃ በዚች በሁለተኛዋ ጡት አድርጎ ይፈስሳል። የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን ሥሯ ይደቅናሉ። እናቷ ከዚያ ስትቀዳ ነው ያሳደገቻት።

«ለምን ሴት አደረጓት?»

«ሩዝ ሕፃን ነው፤ ውሃ ካጣ ያለቅሳል» አለችኝ። «ሕፃን ሲያለቅስ ማን ነው የሚያጠባው?»

«አራት እጅስ?»

«እኔና አንቺ ለሰው ስንሰጥ እጃችን ይያዛል፣ ሌላ ሥራ እንተዋለን። እሷ በሁለቱ ትሰጣለች፣ በሁለቱ ዓለምን ትይዛለች።»

ከዚያ መሳሏን ተወች። ሰሙ ጽዋው ውስጥ ረጋ። ጃፓን አገሯን ከያዘ ወዲህ ከእናቷ ወሬ አልሰማችም ነበር። በሕይወት ትኑር አትኑር አታውቅም። ምንጩን እየሳለች እናቷን እንደምትፈልግ ያኔ ገባኝ።

እኔም እሷ የሳለቻትን ሴት አይቼ በትንሽ ጨርቅ ላይ ሳልኩ። በኩራት ወደ ቤት ወሰድኩት። እናቴ ገና እንደዘረጋሁት አማተበች።

«ራቁቷን! ጣዖት ቤቴ አስገባሽ? ሁለተኛ እዚያ ቤት እግርሽ አይረግጥም!»

አለቀስኩ፤ ምግብም እምቢ አልኩ። አባቴ በመሐል ቤት ተጨነቀና የንስሐ አባታችን ይምከሩን አለ። እሳቸው መጥተው ጨርቁን ወደ ብርሃን ይዘው ብዙ አዩት። በመጨረሻ «ሴትዮዋ ትንገረኝ» ብለው ተነሡ። እናቴ ደንግጣ ተከተለቻቸው፤ እኔም ከኋላ።

ዐረቡ ሱቁ በር ላይ ቆሞ በአክብሮት ተቀበላቸው። ሚስቱ ሻሿን አስተካክላ መጣች።

«ትሰግጂላታለሽ?» አሏት አባ።

«የለም፣ አባ። እኔ ለአንድ አላህ ነው የምሰግደው። የድሮ ሰዎች ግን ይሰግዱላት ነበር። እኔ ውሃዋን ጠጥቻለሁ።»

አባ ጨርቁን እንደገና አዩት። «ዐይኗስ? ለምን ዐይን የላትም?»

ሴትዮዋ ወደ ባሏ ጠቆመች። «እሱ ዐይን ካላት ቤት አትገባም አለ።»

ዐረቡ መሬት መሬት አየ። «ነፍስ ያለው መሳል ሐራም ነው» አለ በቀስታ። «ግን እናቷ ስትናፍቃት ምን ልበላት?»

አባ ሲስቁ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ወደ እናቴ ዞሩና «ልጄ፣ እኛስ ቤት እመቤታችን ልጇን ስታጠባ ተስላ የለም?» አሏት። «ይቺ እመቤታችን አይደለችም፤ ልጅሽ አትስገድላት። ሙያውን ግን ትማር። ሴትዮዋ የእናቷን ቤት ነው የሳለችው።»

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤት ተመለሰች። በማግስቱ ግን እኩለ ቀን ሲያልፍ «ዛሬ አትሄጂም እንዴ?» አለችኝ። እኔም እንደ ወፍ በረርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሕይወቴ ጥሩ ጊዜ ነበር። በከሰል ሙቀት ውስጥ አብረን ተቀምጠን የገበያው ጫጫታና የጨው ጫኝ ግመሎች ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ሲመጣ እንሰማለን። አንዳንዴ በቋንቋዋ ታንጎራጉራለች። እናቴም በግድግዳው ላይ «ልጄ አስቸገረችሽ?» እያለች ትጣራ ጀመር፤ እሷም «ጓለይ ጽቡቕ እያ» ትላታለች፣ ልጄ ጥሩ ናት። ንግግራቸው ከዚህ ብዙም አያልፍም፤ ግን ቀን አይዘልም ነበር።

ታላቁ ጦርነት ሲያበቃ ከዓደን የመጣ ነጋዴ፣ «መርከብ ወደ ጃዋ እንደገና መሄድ ጀምሯል» አለ። ዐረቡ ሱቁን ሸጠ። ከመቀሌ ወጣ ብላ እስካለችው ቁሓ ድረስ ሄደን ሸኘናቸው። አደይ ወደ ምጽዋ በሚወርደው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች፤ በመስኮቱ እጇን ዘርግታ ነጠላዬን አንገቴ ላይ አጣፋችልኝ፣ ብርድ እንዳይነካኝ። «እናትሽን ታገኛታለሽ» አልኳት። «ኢንሻአላህ» አለችኝ። ፈገግ እያለች ነው የሄደችው። ከዚያ ወዲያ ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም። እናቷን ያገኘች ይመስለኛል፤ እንዲያ ማሰብ ነው የሚቀናኝ።

አቧራው ከጠፋ በኋላ እናቴ አልንቀሳቀስ አለች። ዐይኗ ቀልቷል።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ጎረቤቴ ሆና» አለች፣ «የክርስቲያን ሥጋ አትበላም ብዬ አንድ ቀን ማዕዴ ላይ አልጠራኋትም።»

መንገዱን እያየች ጨመረች፦

«ለካ በጾም ልጠራት እችል ነበር። ሽሮ ይበቃን ነበር።»