ቆንጥሩ ሲመሰክር

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ከንፋስ መውጫ ቆርቆሮ አስመጥቶ፣ አጥራችንን አዲስ ላደርገው ብሎ መጥረቢያ ይዞ ተነሣ። ከጓሯችን ዳር ያለው ቆንጥር አብቧል፤ የነጫጭ ድቡልቡል አበባው ሽታ ደጁን ሞልቶታል። «እማማ፣ ይሄ እሾህ ምን ይሠራል?» አለኝ። «ንካውና ጉድህን ታያለህ!» አልኩት። ደንግጦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ እኔም ነገሩን ከሥሩ አጫወትኩት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እዚሁ ስማዳ ቆላው ውስጥ። ቆንጥር የግራር ወገን ቢሆንም እንደ ግራር ቀጥ ብሎ አያድግም፤ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ጥሻ ይሆናል። እሾሁ አጭር ነው፣ እንደ ድመት ጥፍር ወደ ኋላ የተቆለመመ። ሲገቡ ያስገባል፣ ሲወጡ ይይዛል። ማሽላው ሊያሽት ሲል ያብብና አገሩ ማር ማር ይሸታል። ማሩማ! በትኩስ የማሽላ ቂጣ የበላው ሰው ሌላ ማር አያምረውም።

አያ ካሴ የሚባሉ ጎረቤታችን ቀፏቸውን እንዲህ ካለ ጥሻ መካከል አስቀምጠው ነበር። አንድ ጧት ቀፎው ተከፍቶ ማሩ ተቆርጦ አገኙት። የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ ማለት ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ያገሩ ሰው፣ ሴቱም ወንዱም፣ አንድ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ወደ ቤቱ መሄድ የለም።

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሕፃናት አለቀሱ፣ ከብቱ ውኃ ሳይጠጣ ዋለ። ሰው ሲርበው ደግሞ የማንንም ስም ጠርቶ መገላገል ያምረዋል። አንዱ ብድግ አለና ወደ ወንድሜ ወደ ደምሴ አመለከተ። «ሰሞኑን እዚያ ጥሻ ዳር ወዲህ ወዲያ ሲል ነበር። ክንዱን እዩት እስቲ!»

የወንድሜ ክንድ እውነትም ተቧጭሯል። ሰዉ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ማለት ጀመረ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ታለቅሳለች። ስሙ ከወጣ ታስሮ መወሰዱ ነው፤ ለጥር የተቆረጠው ሠርጉም ቀረ ማለት ነው። ለሌባ ልጁን የሚድር ማን አለ?

ልጃገረድ እንዲህ ባለ ቦታ አትናገርም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ተነሣሁ።

«ክንዱማ ማገዶ ሲቆርጥ ነው። እዚህ ክንዱ ያልተቧጨረ ማን አለ? ቀፎው ዘንድ ግን በደረት ተስቦ እንጂ ቆሞ አይደረስም። ንብን በጪስ ያታልሏታል፤ ቆንጥር ጪስ አያውቅም! የሌባው ጀርባ ተተልትሏል። ወንዶቹ ጀርባቸውን ያሳዩ!»

«ይቺ ምላሳም!» አለ አንዱ።

አያ ካሴ ግን «እውነቷን ነው፤ እኔም ስገባ የሚላጠው ጀርባዬ ነው» ብለው የራሳቸውን ገልጠው አሳዩ። ወንድሜ ልብሱን አወለቀ። ጀርባው ላይ አንዲት ጭረት የለችም። እሰይ! እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ወንዱ ሁሉ እየተነሣ ይገልጥ ጀመር። በዚያ ቃጠሎ ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበው የቀሩት ጭቃ ሹሙ ብቻ ነበሩ።

አያ ካሴ ቀስ ብለው፣ «ጌታዬ፣ ሙቀቱ አልከበደዎትም?» አሏቸው።

ጭቃ ሹሙ ጋቢያቸውን ይበልጥ ጠበቅ አደረጉ። «ይበቃል፤ ከብቱ ተጠምቷል፤ ተበተኑ» ብለው መንገዳቸውን ያዙ። ስማቸውን የጠራ የለም። ከጥቂት ቀን በኋላ አያ ካሴ ደጅ የሰባ ሙክት ታስሮ ተገኘ። የማን ነው ብሎ የጠየቀም የለም።

ወንድሜ በጥር አገባ። ከዚያ ወዲህ ቆንጥር በመጥረቢያ ነክቶ አያውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር አንድ ትልቅ ቆንጥር ነበር፤ ባለፈ ቁጥር ቆም ይልና ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑን የሚሳለም እየመሰለው «ደምሴ መንፈሳዊ ሰው» ይለው ነበር። ሲቀበርም ቄሱ ይህንኑ አንሥተው አመሰገኑት። እኔ እንባዬ እየወረደ ሳቄ አመለጠኝ።

የልጅ ልጄ ይህን ሲሰማ መጥረቢያውን መልሶ አስገባ፤ ቆርቆሮውንም በቆንጥሩ ውጭ አዙሮ አጠረው። ያን ዕለት የገዛ ጎረቤቶቻችን ሲተውን ያልተወን ቆንጥር ነበርና እወደዋለሁ፤ ምን ይደረግ! ዛሬ ጧት ለኪዳን ስወጣ አበባው ትከሻዬ ላይ ረገፈ። ዙሪያዬን ቃኘሁ፤ ማንም የለም። ነጠላዬን አጣፋሁና እጅ ነሣሁት።