ወንዛዬ ላይ የተፈታች ቃል

ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ቆይቼ ስጨርስ፣ የኔታ አጠገባቸው ሆኜ እንዳስተምር ነበር ሐሳባቸው። እኔ ግን ጋፋት ሄድሁ። ንጉሡ መድፍ የሚያሠሩበት ያ መንደር በፈረንጅ ተሞልቶ ነበር። ከፈረንጆቹም አንዱ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር ጠመንጃ ጠጋኝ፣ አማርኛ የሚያስተምረው ሰው ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁ። የባዕድ አገር ቋንቋ እንዴት እንደሚገባ እንደሚወጣ ማየት አማረኝ። የኔታ ይህን ሲሰሙ አዘኑብኝ። በዚያ ዘመን ብረት ቀጥቃጭ በቡዳነት ይታማ ነበርና፣ ያስተማሩት ልጅ ከቀጥቃጭ ጋር ማዕድ መቅረቡ ከበዳቸው። ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

ፈረንጁ ሳቂታ ሰው ነበር። አማርኛው ግን ገና ነው፤ ቄሱን «አንቺ»፣ በቅሎውን «አንቱ» ይል ነበር። እኔም በጎን የእርሱን ቋንቋ እለቅም ጀመርሁ። አንድ ቀን የጠመንጃ ሆድ ፈትቶ፣ ሲጫኑት የሚተኛ ሲለቁት ተፈናጥሮ የሚመለስ ቀጭን ብረት አወጣና «ስፕሪንግ» ይባላል አለኝ። ብራናዬ ላይ ጻፍሁት። ያች ብረት ከእጁ ባመለጠች ቁጥር እየተፈናጠረች የት እንደምትገባ አይታወቅም ነበር። እንደ እርሷ ያለ ሌላ መሥራት ስለሚያስቸግር፣ ሥራው ሁሉ ቆሞ ሰው በሙሉ በእንብርክኩ ይፈልጋታል። ስለዚህ «ስፕሪንግ» የሚል ድምፅ ስሰማ ዐይኔ ወዲያው መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ጥቅምት ላይ ጉልበቱን አመመው። በበቅሎ አድርጌ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰድሁት። ስንደርስ ሕመምተኛው ውሃው ዳር ተኮልኩሏል። መጀመሪያ ያየሁት የኔታን ነበር። ለቁርጥማታቸው መጥተው፣ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ፊታቸውን አዞሩ። ደኅና መሆኔን ብቻ ጠየቁኝ።

በዚህ መካከል ፈረንጁ ከድንጋዩ ሥር እየተንፈቀፈቀ የሚወጣውን ውሃ አየና በጣቱ እያመለከተ «ስፕሪንግ! ስፕሪንግ!» አለ። እኔ ደነገጥሁ። ብረቷን በኪሱ ይዟት መጥቶ ውሃ ውስጥ የጣላት መሰለኝ። የእንግዳው ዕቃ ውሃ ውስጥ ገብቷልና እርዱን ብዬ ለሰዉ ተናገርሁ። ሰዉም ደግ ነው፤ የሚታጠበው ሁሉ እጁን ሰዶ ይዳብስ ጀመር። አንድ አንካሳ ምርኩዙን ጥሎ ገባ። የኔታ ሳይቀሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው የእግራቸውን ሥር ፈተሹ። ፈረንጁ ይህን ሲያይ የፍል ውሃው ሥርዐት መሰለው መሰለኝ፣ እርሱም ጎንበስ ብሎ ከሰዉ ጋር ይዳብስ ጀመር።

ጥቂት እንደቆየ ቀና ብሎ ምን እንደጠፋ ጠየቀኝ። ስፕሪንጉ አልሁት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ነገሩን አስረዳን። ብረቷም ስፕሪንግ ናት፤ ይህም ምንጭ ስፕሪንግ ነው። በደኅናው እግሩ እንጣጥ ብሎ ይህም ስፕሪንግ ነው አለ። በአገሩ ብርዱ አልፎ ዛፉ ቅጠል የሚያወጣበት ወራትም ስሙ ይኸው ነው። ሰዉ ሳቀ። አንካሳው ብቻ ምርኩዙን እየፈለገ ይነጫነጭ ነበር።

የኔታ አልሳቁም። ከአራቱ የትኛው እንደሚቀድም ፈረንጁን ጠይቀው አሉኝ። እርሱ ግን ቃሏን ከእናቱ ጭን ጀምሮ ሲናገራት ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አስቦባት አያውቅም።

«መዝለሉ ነው የሚቀድመው» አሉ የኔታ። «ውሃው ከምድር ሆድ ይዘላል። ብረቱ ሲለቁት ይዘላል። ቅጠሉም ከደረቅ እንጨት ዘሎ ይወጣል። አራት ቃል አይደለም፣ ልጄ፤ አንድ ግሥ ነው።»

ቀጥለው ከግእዙ አመጡ። ነቅዐ ማለት ተሰነጠቀ ማለት ነው፤ ምድርን ሰንጥቆ የሚወጣውም ውሃ ነቅዕ ይባላል። እያንዳንዱን ለፈረንጁ አስረዳሁት። ባርኔጣውን አወለቀ። አገሩ ያሉ ሽማግሎች ንጋትንም «የቀን ስፕሪንግ» እንደሚሉት ትዝ አለው። ይህን ስተረጉምላቸው የኔታ እጃቸውን አጨበጨቡ፤ እኛም ጎህ ቀደደ እንላለን አሉ።

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። «ብረት ልትቀጠቅጥ የሄድህ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ለካ ግሥ ልትለቅም ኖሯል።»

«ሳልሰናበትዎ መውጣቴን ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ» አልሁ። ጉልበታቸውን ስስም በዚህ ጊዜ አልከለከሉኝም።

ሦስት ቀን አብረን ሰነበትን። እነርሱ ከማለዳ ጀምሮ ከአንገት በታች ውሃ ውስጥ ሆነው ቃል ይመረምራሉ፤ እኔ ዳር ላይ ተቀምጬ ስተረጉም ጉሮሮዬ ደረቀ። የፈረንጁ ጉልበት ብዙም አልተሻለውም፤ እርሱም ከነጭራሹ የረሳው ይመስል ነበር። በመጨረሻው ቀን የኔታ ከስልቻቸው የገብስ ዳቦ አወጡ። ባረኩና ለሦስት ቈረሱት፤ ትልቁን ቁራሽ ለቀጥቃጩ ሰጡት።