በመዝገብ የተወለዱ መንታዎች

የቀበሌያችን የልደትና የጋብቻ መዝጋቢ ሆኜ ስጀምር ለሥራው አዲስ ነበርኩ፤ ደግ መባልም እወድ ነበር። ቢሮዬ ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት።

አንድ ቀን አንድ ገበሬ ሁለት ሴቶች ልጆቹን ይዞ መጣ። ታላቋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ታናሿ ስድስት አልሞላትም። ትምህርት ቤቱ ከገደሉ ማዶ ስለሆነ ታላቋ ብቻዬን አልሄድም ብላለች፤ ታናሿን ደግሞ ዕድሜሽ አልደረሰም ብለው መልሰዋታል።

«እህት ዓለም፣ መንታ ናቸው ብለሽ ጻፊልኝና አብረው ይሂዱ» አለኝ።

ሳቅሁና ጻፍኩ። ለሁለቱም የታላቋን ልደት፦ አንድ ዓመት፣ አንድ ወር፣ አንድ ቀን። ማኅተሙን ስመታ ልጆቹ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ያዩኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። እንዲያውም ለሥራ ባልደረቦቼ «ዛሬ መንታ አዋለድኩ» እያልኩ ቀልጄበታለሁ።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ዘንድሮ፣ ያው ሰውዬ ተመልሶ መጣ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ተቀዳዶበት ምትክ ፈልጓል፤ ለታናሿ ብቻ። ቅስና የሚጠብቅ አንድ ዲያቆን ጠይቋታል። ዲያቆን ቄስ ከመሆኑ በፊት ድንግል አግብቶ አብሯት መቁረብ አለበት። ታላቋ ላሊበላ ገብታ ተቀጥራለች፤ ከተማ የገባች ልጅ ደግሞ በእኛ አገር ሰው አፍ ለቄስ ሚስትነት አትታጭም። ታናሿ ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት ቤት ቀርታለች። አባት ፈርቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ሴት ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የፈራበት ጊዜ ነው።

«ቄሱ ያለ ወረቀት አልባርክም አሉኝ» አለ ቅር ብሎት።

ቄሶቹን ሰብስቤ «ሕጉ አሥራ ስምንት ዓመት ነው የሚለው፤ አፍ አትመኑ፣ ወረቀት ጠይቁ» ብዬ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሕጉ አሥራ ስምንት ይላል፤ የኔም መዝገብ አሥራ ስምንት ሞልቷታል ይላል። ልጅቱ ግን አሥራ ስድስት እንኳ አልሞላትም።

«ማኅተሙ ወረዳ ሄዷል፤ ሌላ ቀን ና» አልኩት። ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሐሰት መዝገብ እንደሚያሳስር አውቃለሁ፤ የማሳድጋቸው ልጆችም አሉኝ።

በማግስቱ ልጅቱ ብቻዋን መጣች።

«እትዬ፣ ወረቀቱን አይስጡት። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት ካጣ ይተወዋል። እኔ ትምህርቴን ነው የምፈልግ።»

ማን ዕድሜዋን እንዳሳደገው ታውቃለች። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቄሱ ሄድኩ። «አባ፣ ወረቀቱ ውሸት ነው፤ የዋሸሁትም እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«በንስሐ ከነገርሽኝ በሆዴ ይቀራል። መዝገቡን የሚያቀናው ግን ዳኛ ነው። ሂጂና ለዳኛ ተናገሪ፤ እስከዚያ እኔ አልባርክም» አሉኝ።

እየፈራሁ ሄድኩ። ችሎት ፊት ቆሜ ያደረግሁትን ተናገርኩ። አባትየው ግን ምሎ «መንታ ናቸው» አለ። ዳኛው መዝገቡን አገላበጡ፤ ማኅተሙ አለ፣ ፊርማዬ አለ። ዛሬ ተነስቼ ውሸት ነው ብል ማን ያምነኛል? በሕግ ዓይን የጸናው የኔ ውሸት ነበር። ያን ጊዜ ልጅቱ ከእጄ ወጣች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ዳኛው እናትየውን አስጠሩ። ቢሮዬ መጥታ አታውቅም፤ የጠየቃትም አልነበረም። ባሏን ሳታይ ተናገረች።

«እኔ መንታ አልወለድኩም፣ ጌታዬ። ሁለት ጊዜ ነው ያማጥሁ። ታናሺቱን ስወልድ ታላቂቱ በጣሳ ውሃ አቀብላኛለች።»

ባልየው አንገቱን ደፋ።

መዝገቡ እንዲታረም ታዘዘ፤ ሠርጉም ቀረ። በኔ ላይ ክስ ተከፈተ፤ ይገባኛል። ስንወጣ ባልየው ማንንም ሳያናግር መንገዱን ጀመረ። ሮጬ ሴትየዋን ደረስኩባት።

«ዛሬ እኔ ቤት እደሩ፤ ልጅቱንም አስጠራታለሁ» አልኳት።

«አንችማ ስትጽፊም ስታስፍቂም ቤትሽ ትገቢያለሽ» አለችኝ። «እኔ የምገባ እሱ ቤት ነው።»

ነጠላዋን አጥብቃ ተከተለችው።